ከቅንጭብ አጥሩ ወዲህ

እኔ ሰው ቤት አልገባም ነበር። ሰው ጠልቼ አይደለም፤ ባሌ ከሞተ በኋላ አልወረስም ስላልኩ ነው። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ከባሏ ወንድሞች አንዱ እስኪወርሳት ድረስ የሰው ደጃፍ አትረግጥም። ከረገጠች በረገጠችው ቤት ላይ መዓት ይወርዳል ይባላል፤ ላሟ ትሞታለች፣ ልጁ ይታመማል፣ ጣሪያው ይናዳል። እኔ በዚህ አላምንም። ግን የሚያምኑ ሰዎች መሀል ለሚኖር ሰው የራሱ አለማመን ብዙ አይጠቅመውም።

ከባሌ ከኦዴሮ ጋር ኪሱሙ ከተማ ስልክ ቤት ነበር የምንሠራው። እሱ ምሰሶ ላይ እየወጣ ሽቦ ይጠግናል፣ እኔ ማዞሪያው ላይ ተቀምጬ ሰው ከሰው አገናኛለሁ። ሲሞት እንደ ወጉ ወደ አባቶቹ መሬት፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው መንደራቸው አመጣነውና ለጡረታችን ብለን በሠራነው ቤት ፊት ለፊት ተቀበረ። እኔም ከመቃብሩ ጋር ቀረሁ። ልጅ አልወለድንም። እዚህ ሴት የምትጠራው በልጇ ነው፤ የእገሌ እናት ትባላለች። ልጅ የሌላት በተወለደችበት አገር ትጠራለች። ስለዚህ እኔ ኛር ሴሜ ነኝ፣ የሴሜዋ ልጅ ማለት ነው። ፀጉሬ ሸብቶ፣ ጥርሴ ሳስቶ፣ እስከ ዛሬ የሴሜዋ ልጅ ነኝ።

የባሌ ታናሽ ወንድም ኦግዌኖ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው። ክፉ ሰው አይደለም። ሳል የማይለየው፣ ከእኔ ይልቅ ሚስቱን የሚፈራ ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ ሽማግሌ ልኮ ልውረስሽ አለ፤ እምቢ አልኩ። ቆየት ብለው ነገሩን አቀለሉልኝ። በዚህ ዕድሜሽ ማንም ምንም አይፈልግብሽም፣ ኦግዌኖ ኮቱን ለአንድ ሌሊት ቤትሽ ይስቀል፣ ኮቱ አደረ ማለት ተወረስሽ ማለት ነው፣ ጠዋት ይወሰዳል፣ በቃ አሉኝ። ያንንም ወይ ፍንክች አልኩ። ኮት የሚሰቀለው ወንድ የጎደለው ቤት ነው፤ እኔ የጎደለኝ ኦዴሮ ነው፣ እሱ ደግሞ ደጄ ላይ ተኝቷል ብዬ መለስኳቸው። የኦግዌኖ ሚስት፣ የአቡያ እናት፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታዋን ቆጥባ ነበር የምትሰጠኝ። የታላቅየው ጉዳይ ሳይዘጋ የታናሽየው ልጅ ቤት አይሠራምና ልጇ አቡያ በእኔ ምክንያት ጎጆ ሳይቀልስ ቀርቷል።

ቤተ ክርስቲያንና ገበያ የሁሉም ነው፤ እዚያ እሄዳለሁ። ከዚያ ውጭ ቤቴ ነኝ። ወደ እኔ የሚመጣው ሰውም እየሳሳ ሄደ፤ ሰው ሁልጊዜ ጠያቂ ብቻ መሆን ይታክተዋል። አመሻሽ ላይ ሬዲዮኑን ዘግቼ በድሮው የሥራ ድምፄ "ማንን ላገናኝዎ?" የምልበት ጊዜ ነበር። ለማንም አልነበረም፤ ድምፄ እንዳይዝግብኝ ነው። ብቸኝነቱ እስከዚያ አድርሶኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኤቨርሊን የምትባል ወጣት፣ የጤና ጣቢያው አዋላጅ፣ ፊት ወጥታ ቆመች። በአካባቢያችን እናት የሌላቸው ልጃገረዶች ብዙ ናቸው፣ የሚጠይቁት ትልቅ ሰው አጥተው የሚጠይቁት ጎረምሳ ሆኗል፣ ለአንድ አንድ ልጅ መካሪ የሚሆኑ በጎ ፈቃደኛ ሴቶች እፈልጋለሁ አለች። እጄ ከአፏ ቀድሞ ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። ኤቨርሊን የሌላ ወረዳ ሰው ናት፤ ለምን እንደሚያጉረመርሙ አልገባትም። ቀጥላ ሕጉን ተናገረች። መካሪዋ ልጅቷን የምታገኛት ቅዳሜ ቅዳሜ በልጅቷ ቤት ነው፣ ምን እንደምትነግራት አሳዳጊዎቿ እንዲሰሙ። ጥሩ ሕግ ነው። እኔን ግን እጄን እንደዘረጋሁ አስቀረኝ።

ሴቶቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ልጅ እየያዙ ሄዱ። በመጨረሻ እኔና ክርኗ የሾለ አንዲት ከሲታ ልጅ ብቻ ቀረን። አዊቲ ትባላለች። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት ያሳደገቻት አያቷ ናት። አያቷ ዶርካ አጠገቧ ተቀምጣ ከእግር እስከ ራሴ ስታየኝ ቆየች። የሚወሰድ ሌላ መካሪ አልነበረም። የማትወሰድ ልጅ መሆን ደግሞ ለልጅቷ ውርደት ነው።

"አጥሩ ውጭ ትቀመጥ፤ ድምፅ አልተከለከለም" አለች ዶርካ።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። የዶርካ ግቢ በቅንጭብ የታጠረ ነው። አዊቲ ከመግቢያው ወዲያ፣ እኔ ከመግቢያው ወዲህ እንቀመጣለን። ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ ክርክር ተነሣ። አዊቲ በርጩማ ልታወጣልኝ ስትል አያቷ ከልክላ፣ ኛር ሴሜ የተቀመጠችበት በርጩማ ተመልሶ ቤት ሊገባ ነው ወይ አለች። ስለዚህ የፕላስቲክ ወንበሬን በራሴ ተሸክሜ መምጣት ጀመርኩ። መንገድ ላይ ልጆች እየተከተሉ፣ ኛር ሴሜ ፓርላማ ልትገባ ነው ይሉኛል። ዶርካ በዚያ ላይ ደግ ናት፤ ሰው ደጇ ተቀምጦ ጦሙን አይሄድም። የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ቀቅላ በኮባ ቅጠል ትልክልኛለች። ለሻዩ የራሴን ኩባያ ይዤ እሄዳለሁ፣ እሷ ማንቆርቆሪያዋን ከፍ አድርጋ፣ ኩባያዬን ሳትነካ ትቀዳልኛለች። አንድ ጠብታ አታፈስም።

ምን እንደምናወራ ብትጠይቁኝ፣ ሁሉን። ሒሳብ ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ እንግሊዝኛዋን ነበር የማቃናላት። ከዚያ ወንዶች ምን ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ፣ ሰው ፊት ሲቆሙ እጅ የት እንደሚደረግ፣ ሰውነቷ ምን እንደሚሆንና ለምን እንደሆነ አወራን። ስለ ወር አበባ ስነግራት ከቅንጭቡ ጀርባ ሳል ተሰማ።

"ይሄንን እኔም መንገር እችል ነበር" አለች ዶርካ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?"

"አልጠየቀችኝም።"

አዊቲ አፏን በሁለት እጇ አፍና ሳቀች። ያን ቀን ወንበሬን ተሸክሜ ስመለስ እኔም ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር፤ ያየኝ ሰው ለይቶላታል ሳይል አልቀረም።

አንድ የሥራ ጨዋታ አስተማርኳት። ስልክ ማዞሪያ ላይ ዋናው ችሎታ መስመሩ ተይዟል ማለት መቻል ነው። ደዋዩ አዛዥ ይሁን ሀብታም፣ መስመሩ ከተያዘ ተይዟል። ሳትጮሂ፣ ሳትለምኚ፣ ምክንያት ሳትደረድሪ ነው የምትይው። እኔ የማልሆነው ሰው አልነበረም፤ ቁጡ አስተማሪ እሆናለሁ፣ ዓሣ ልግዛልሽ የሚል ጀልበኛ እሆናለሁ፣ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ "መስመሩ ተይዟል ጌታዬ" ትላለች። መጀመሪያ ሳቋ ያመልጣት ነበር። ኋላ ላይ ድምፅዋ እኔኑ ያስፈራኝ ጀመር።

ስለ ኮቱም ጠይቃኛለች። ወሬው የመንደር ነውና ቀድሞውንም ታውቀዋለች። አንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ ለምን እምቢ አልሽ አለችኝ። እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ጨነቀኝ። ኦዴሮን ያገባሁት ማንም ሳያስገድደኝ ነው፣ ስለዚህ መበለትነቴም የራሴ ነው፣ ሰው እንዲያስተካክልልኝ አልፈልግም አልኳት።

"ሁሉም እሺ በይ ሲልሽ አትፈሪም ማማ?"

"እፈራለሁ። እየፈሩም እምቢ ይባላል።"

 ከዚያ በኋላ ለጓደኞቿ፣ የእኔ መካሪ መንደሩ ሁሉ ያላሸነፋት ናት እያለች እንደምትጎርር ከሌላ ሰው ሰማሁ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሕይወቴ ማንም በእኔ ጎርሮ አያውቅም ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት ስትጠብቅ የእናቷ ታናሽ እህት ቤሪል ከናይሮቢ መጣች። የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፣ አዲስ ልጅም ወልዳለች። ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። ቅዳሜ ስለነበር እኔም በወንበሬ ላይ፣ አጥሩ ውጭ፣ ጆሮዬን አቁሜ ተቀምጫለሁ። ቤሪል ልጅቷን ልውሰዳት፣ ሕፃኑን ትይዝልኛለች፣ ሰፈራችን ካለው ትምህርት ቤትም አስገባታለሁ አለች። እንዲህ ተብለው የሄዱ ልጆች መጨረሻቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሕፃኑን ይይዛሉ፣ ትምህርት ቤቱን በመስኮት ያዩታል። አጎቷ መልካም ሐሳብ ነው አለ። ዶርካ ዝም አለች። እኔ ገብቼ መናገር አልችልም። ወንበሬን በሁለት እጄ ጨብጬ ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ የአዊቲ ድምፅ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ከድምፁ የሚታወቅ።

"አልሄድም። ከሐይቁ ማዶ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው የምገባው። ኛር ሴሜን መንደሩ በሙሉ እሺ በይ ሲላት እምቢ ብላለች፤ አልሞተችም። እኔም አልሞትም።"

 እኔ ውጭ ሆኜ እንባዬን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁ። ደስታ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

ቤሪል ስትወጣ እኔ ዘንድ ቆመች። አልጮኸችም፤ ጨዋ ናት፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"እርስዎ ከሰው ተለይተው መኖርን መርጠዋል፤ መብትዎ ነው። ልጅቷንም እንደ ራስዎ ብቻዋን ሊያስቀሯት ነው?"

መልስ አላጣሁም፤ ምላሴ ለመልስ ሰንፋ አታውቅም። የራስሽን ልጅ እዚያው ጠብቂ፣ ይቺ የእኔ ናት የሚል ነገር መለስኩላት። እቤቴ ስደርስ ግን የሷ ቃል ቀድሞኝ ገብቶ ተቀምጦ ነበር።

ውጤቱ መጣ፤ አዊቲ አለፈች። ኤቨርሊን ወዲያ ወዲህ ብላ የሚረዳት ድርጅት አገኘች፤ ከሐይቁ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ተቀበላት። ዶርካ ሽኝት አደርጋለሁ አለች። ሽኝት እዚህ እንዲህ ነው፤ ቤት ውስጥ እናት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ የምትሄደው ልጅ ፊቷ ትንበረከካለች፣ እናት እጇን ጭና ትመርቃለች። ከዚያ ይበላል፣ ይዘመራል። ቅዳሜ ስሄድ አዊቲ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ዶርካ ወደ አጥሩ መጣች። እንደ ወትሮው አልተቀለደም።

"የእናቷ ወንበር ባዶ ነው" አለችኝ። "ቤሪል እቀመጣለሁ ብላለች፤ እህቷ ናት፣ ይገባታል። እኔ ግን አንቺ ብትቀመጪበት እወዳለሁ። ሁለት ዓመት ፀሐይና ዝናብ ያየሽው አንቺ ነሽ።"

"መግባት እንደማልችል ታውቂያለሽ፣ ዶርካ።"

"ኮቱን ብቻ ነው። አንድ ሌሊት። እኔ አርጅቻለሁ፣ ደፍሬ ቤቴ ግቢ ልልሽ አልችልም፤ እፈራለሁ። ኮቱ ከተሰቀለ ግን በሬ ያንቺ ነው።"

ወንበሬን ተሸክሜ ተመለስኩ። ያን ሳምንት እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። አዊቲ ልትሄድ ነው። ቅዳሜ የሚባል ቀን ከእንግዲህ እንደ ማክሰኞ ሊሆንብኝ ነው። እሷ ስትሄድ እኔ የምቀረው ከአጥር ውጭ፣ ያለ ማንም ነው። በዚያ ላይ የእናት ወንበር። ሴት ልጅ ፊቴ ተንበርክካ እጄን ጭኜባት፣ ሰው እያየ። ይህንን ማንም አቅርቦልኝ አያውቅም፤ ወደፊትም የሚያቀርብልኝ የለም። የቤሪል ቃልም አለ። ምናልባት ልክ ናት እያልኩ አሰብኩ፤ ምናልባት ለልጅቷ ያሳየኋት እምቢታን ሳይሆን ብቻን መቅረትን ነው። አዊቲን ግን አልጠየቅኳትም። ደስ ታሰኚያታለሽ፣ ድንገት ስትገቢ ታያለች አልኩ ለራሴ። ሰው ራሱን ሲያባብል እንዲህ ነው የሚያባብለው።

ለአቡያ እናት መልእክት ላክሁ። በማግሥቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮቱን በክንዷ ይዛ መጣች። ኦግዌኖ ሳሉ ጠንቶበት ተኝቷል አለች፤ ሰውየው እንኳ አልመጣም፣ የወረሰኝ ኮቱ ነው። ተኩሳዋለች፣ የጎደለውን ቁልፍ ተክላለታለች። ለሰርግ የሚሄድ ይመስል ነበር።

"የት ልስቀለው?"

"ወንበሩ ላይ ጣይው።"

"ወንበር ላይማ ማስጣት ነው፣ መስቀል አይደለም።"

ግድግዳው ሲሚንቶ ነው፣ ምስማር አይገባውም። ያለችው አንዲት ማንጠልጠያ በሩ አጠገብ ናት፤ እሷ ላይ የኦዴሮ የዝናብ ልብስ አለ። ምሰሶ ላይ ሲወጣ የሚለብሰው ነው፤ ከሞተ ጀምሮ አልነካሁትም፣ አቧራውን እንኳ ከላይ ከላይ ነው የማራግፍለት። ሁለታችንም አየነው። የአቡያ እናት ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። አወረድኩት። አንገትጌው ደርቆ እንደነበረ ቀረ፣ አልታጠፍም አለኝ። አልጋዬ ላይ አስተኛሁት። የኦግዌኖ ኮት በቦታው ተሰቀለ። ከዚያ የአቡያ እናት ሳልለምናት ተቀመጠች፣ ሻይ አፍልቼላት ጠጣን፣ ልጇ ለቤቱ ያሰበውን ቦታ እየነገረችኝ ብዙ ቆየች። ሰው ቤቴ ውስጥ እንዲህ ተዝናንቶ ከተቀመጠ ዘመን ሆኖት ነበር። ደስ እንዳለኝ አልክድም። ጠዋት መጥታ ኮቱን ወሰደች፤ ማንጠልጠያዋን ግን ባዶዋን ተውኳት። የኦዴሮን ልብስ መልሼ ልሰቅል እጄ እምቢ አለኝ።

የሽኝቱ ቀን የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ቀሚሴን ለብሼ፣ ያለ ወንበሬ ሄድኩ። በቅንጭቡ መግቢያ የገባሁት እንደ ሌባ ነው። ዶርካ በሩ ላይ ተቀበለችኝ፣ በሁለት እጇ። ቤቱ ከውጭ ሆኜ እንደገመትኩት አልነበረም፤ ጠባብ ነው፣ ጨለም ያለ ነው፣ ወንበሮቹ ሁሉ በነጭ ዳንቴል ተሸፍነዋል። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ። አንዷ እኔ ዘንድም ትመጪያለሽ አለችኝ፣ ሌላዋ እኔስ አለች። እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ጊዜ እየጠበቁኝ ነበር እንዴ አልኩ። የእናት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቤሪል ማዶ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች።

አዊቲ ጆግና ሳፋ ይዛ የእንግዳ እጅ ልታስታጥብ ገባች። አዲስ የደንብ ልብሷን ለብሳለች፣ እጅጌው ረዝሞባታል። ከበሩ ጀምራ አንድ በአንድ እያስታጠበች መጣች። እኔ ጋ ስትደርስ ቀና አለች። ፈገግ እስክትል ጠበቅኩ።

"ኮቱን አሰቀልሽ?" አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

"አንድ ሌሊት ነው። ላንቺ ብዬ ነው።"

"እኔ ግቢ አላልኩሽም።"

ውኃውን አፈሰሰችልኝ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ፎጣውን ሰጠችኝ፣ ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች። ቁጣ ቢሆን ኖሮ እመልስላት ነበር። ፊቷ ላይ ያለው ግን ቁጣ አልነበረም፤ የምትተማመንበት ሰው የጠፋበት ልጅ ፊት ነው።

ምርቃቱ ደረሰ። መጥታ ተንበረከከች። እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ፤ ለሽኝቱ ተላጭታ ስለነበር ሞቃት ነው። ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፣ የወጣኝ ትንሽ ነው። በሰላም ሂጂ፣ በሰላም ተመለሺ፣ ያየሽ ሁሉ ይውደድሽ አልኩ። ሁሉም አሜን አለ። ያን ጊዜ ቤሪል ሕፃኗን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው እያዞረች ተናገረች፤ በክፋት አልነበረም፣ እየሳቀች ነበር።

"እንኳን ገቡ ኛር ሴሜ። አየሽ አዊቲ፣ ሰው እምቢ ቢል ቢል ጊዜ አለው፤ ትልቅ ሰው ሲሆን እሺ ይላል። አንቺም አሁን ትልቅ ሆነሻል። ትምህርቱን ተማሪ፣ ማንም አልከለከለሽም። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ግን በየዕረፍቱ ወደ እኔ ነው የምትመጪው። ልጁን ማን ይይዝልኛል?"

ቤቱ ሁሉ ወደ አዊቲ ዞረ። አዊቲ እኔን አየችኝ። እጄ ገና ራሷ ላይ ነበር። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ የእናቷ ወንበር ለጌጥ አልተሰጠኝም። ዕረፍቷ የራሷ ነው፣ ያለ ንባብ የሚያልፍ ዕረፍት ከትምህርቱ ያስወጣታል፣ ይኼ ያው የበፊቱ ጥያቄ በሌላ በር መግባቱ ነው ማለት ነበረብኝ። ሁሉንም አውቀው ነበር። ግን ከገባሁ ሰዓት እንኳ አልሆነኝም። ሴቶቹ ገና ቦታ እየለቀቁልኝ ነው። እንግዳ ሆኜ፣ ምግብ ሳይቀርብ፣ ከቤቱ ልጅ ጋር ሙግት ልገጥም? ድምፄን ፈለግኩት፤ አልነበረም። ወንበሩ ላይ ተመቻችቼ ዝም አልኩ።

"እሺ አክስቴ" አለች አዊቲ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ልጅቷ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። ከዚያ ዶሮ ቀረበ፣ ዓሣ ቀረበ፣ ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ ተቆላልሎ መጣ፤ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ በላሁ። ቤቱ ሞልቶ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ሞተር ሳይክሉ መጥቶ ሳጥኗ ሲጫን ሁሉንም እየዞረች ተሰናበተች፣ እኔንም በተራዬ፣ እንደ ሌሎቹ ጉንጬን ስማኝ።

አሁን የማልገባበት ቤት የለም። አቡያ ጎጆውን ቀለሰ፣ የቤቱ ምርቃት ላይ ከፊት ተቀምጬ በላሁ። ከእናቱ ጋር በቆሎ አብረን እንፈለፍላለን። ታመመ የሚባል ሰው እጠይቃለሁ፣ ወለደች የምትባል አራስ እጠይቃለሁ፣ ሰዎችም ይጠይቁኛል። ኤቨርሊን ሌላ ልጅ ልስጥዎት፣ ለእርስዎማ አሁን ሁሉም በር ክፍት ነው አለችኝ። ላስብበት ብያታለሁ።

ሚያዝያ ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አዊቲ ከሐይቁ ማዶ በቀጥታ ወደ ናይሮቢ አለፈች። በእኛ መንደር በኩል እንኳ አልመጣችም፤ መንገዷ አይደለም። ያን ቅዳሜ ዶርካ ቤት ሄድኩ፣ ምናልባት ወሬ አላት ብዬ። ሕፃኑ ጥርስ እያወጣ ነው፣ ሌሊት አያስተኛትም፣ መጽሐፏን አልገለጠችም ብላ ቤሪል ራሷ ስልክ ላይ እየሳቀች ነግራታለች። ዶርካ ይህንን ነግራኝ ሻይ ቀዳችልኝ፣ በቤቱ ኩባያ። 

"ያን ቀን አንድ ነገር ትያለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር" አለችኝ በመጨረሻ። "ውጭ ብትሆኚ ኖሮ ትጮሂ ነበር።"

እውነቷን ነው። ውጭ ብሆን ኖሮ መንደሩ እስኪሰማ ነበር የምጮኸው። ሻዬን ጨረስኩ። ልድገምሽ ወይ ስትለኝ እሺ አልኳት።